ማርቆስ ላይ ቤት፣ ፍሪጅ ወይ ሥራ የሚፈልግ ሰው ዋጋ የማያየው ለምንድን ነው?

የመንቆረር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ያላችሁም ከሌላ ከተማ የምትጽፉም ሐሳብ ስጡኝ።

እኔና አንድ ጓደኛዬ የከተማችንን ማስታወቂያ የሚሰበስብ የቴሌግራም ቻናል ከፍተናል። ቤት፣ ዕቃ፣ ሥራ፣ ጥገና፣ አስጠኚ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይገኝ ብለን ነው። ማርቆስ ውስጥ ቻናል ሞልቷል። ግን ግማሹ የሚለጥፈው የአዲስ አበባ ዕቃ ነው። መገናኛ ያለ ሶፋ ለእኛ ምን ይሠራልናል? 300 ኪሎ ሜትር አስጭነን፣ ዓባይ በረሃን አቋርጠን ልናመጣው ነው?

የቸገረን ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ዋጋ አይጽፍም። «የሚሸጥ ቤት፣ 200 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።» «ሁለት ክፍል የሚከራይ፣ ዋጋ ሲደውሉ።» «አስተናጋጅ እንፈልጋለን፣ ደመወዝ በስምምነት።» ዋጋ የሌለው አንለጥፍም እንዳንል የሚልክልን ሰው እንዳይጠፋ ፈራን። ዝም ብለን ብንለጥፍ ደግሞ ከመብራት ፖል በምን ተሻልን?

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ዜሮ ዓመት፦
«ደመወዝ በስምምነት» የምትለዋን ስላነሳሃት እግዜር ይስጥህ።

እኔ ከተመረቅሁ ጀምሮ የማነበው ይህንኑ ነው። ትሄዳለህ፤ ሲቪህን ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉና «ስንት ትፈልጊያለሽ?» ይሉሃል። ከፍ አድርገህ ከጠራህ «እንደውልልሻለን» ነው መልሱ። ዝቅ ካደረግህ እጅህን ጨብጠው ይቀበሉሃል፤ ጎንህ ያለው ልጅ በዚያው ሥራ እጥፍ እንደሚያገኝ የምትሰማው በኋላ ነው። ይሄ ምኑ ስምምነት ነው?

ሌላው ደግሞ «ተያዥ ማቅረብ የምትችል» ይላል። እሺ፣ ካሸር ከሆነ ገንዘብ ስለሚይዝ ይገባኛል። ለአስተናጋጅ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ተያዥ? ያውም ደመወዙ ሳይነገር? እኔ አጎቴን ለምኜ ልወስድ የምችለው ስንት እንደሚከፈለኝ ካወቅሁ ነው እኮ።

አንዱ ቢሮ ደግሞ «ለምዝገባ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎኝ ፎርም አስሞላኝ። እስካሁን አልደወሉም።

የችሎት ጸሐፊ፦
ዜሮ ዓመት፣ እህቴ፣ ለምዝገባ ብሎ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል እንዲሠራ ነው የሚለው። የሚከፍለው አሠሪው ነው። ደረሰኝ ከሰጡሽ ይዘሽ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት (የድሮው ሠራተኛና ማኅበራዊ) ሂጂ። ካልሰጡሽም ሂጂ።

መምህሩ (ጡረታ)፦
ልጆች፣ ዋጋ የማይጻፍበት ምክንያት እናንተ እንዳሰባችሁት ሁሉ ማጭበርበር አይደለም።

ከተማችን ትንሽ ናት። አንድ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ነው ከተባለ በማግስቱ ቡና ላይ ይወራል። «ምን ሆኖ ነው? ታሞ ነው? ልጁን በሕገ ወጥ መንገድ ልኮ ገንዘብ ሊከፍል ነው?» ይባላል። ዋጋው ከተጻፈ ደግሞ ወሬው ቁጥር ያገኛል። ዕቁብ የሚጥለው፣ ብድር የሚጠይቀው፣ «አጎቴ እኮ ሚሊየነር ሆነ» የሚለው ሁሉ ይመጣል። ዘመድም ይቆጣል። «እኔ እያለሁ ለባዳ?» የሚል ወንድም ወይም ጎረቤት አይጠፋም። ስለዚህ ሰው በወሬ፣ በጆሮ ነው የሚሸጠው።

አዲስ አበባ ሌላ ነው። ተማሪ ሳለሁ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ክፍት የሥራ ቦታ ብቻ አንብበን እንመልስ ነበር። እዚያ የሚያነበው ሰው አሠሪውን አያውቀውም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሁሉን መናገር ነበረበት። ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ብዛት፣ የምዝገባ ቀን። እዚህ ግን አንባቢው የባለቤቱን ሚስት ያውቃታል።

አያ ደላላ፦
ጋሼ መምህር እውነቱን ተናገሩ። ከእኔ ወገን ያለውን እኔ ልጨምርበት፤ ስድብ ከመጣም ይምጣ።

ደላላ ዋጋ የማይጽፈው ገዥዎች ዘልለውት ስለሚሄዱ ነው። ቤቱን አይተው፣ ዋጋውን አንብበው፣ ማታ ባለቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። እኔ ፀሐይ ላይ የተንከራተትሁበት በነፃ ይቀራል። ኮሚሽኔ ከሻጭ ሁለት፣ ከገዥ ሁለት በመቶ ነው ተብሎ ይወራል፤ አለቅጥ ከተጨቃጨቁ አንዱንም አላገኘው። ኪራይ ላይማ ጭራሽ።

ሁለተኛ፣ ዋጋ ጻፍህ ማለት መነሻ ሰጠህ ማለት ነው። ማርቆስ ላይ የተጻፈውን ዋጋ የሚከፍል ሰው አላየሁም። ሁሉም «ቀንስ» ይላል። ስለዚህ የሚጽፈው ጨምሮ ይጽፋል። ጨምሮ ሲጽፍ ደግሞ ገዥ ይሸሻል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አያ ደላላ፣ ሻጩ ከነገረህ በላይ የምትጭነውንስ? እሱን ዘለልኸው።

እኔ ለእናቴ ቤት ልገዛ ስል በ+1 የሚጀምር የአሜሪካ ስልክ አይተው ነው ዋጋ የሚነግሩኝ። አንድ ደላላ ለእኔ የነገረኝና ለአክስቴ ልጅ የነገረው እንኳን ሊመሳሰል አልተቀራረበም። ቤቱ ያው። በሩ ያው። ዋጋው ካልተጻፈ እኮ የሚሸጠው በደዋዩ ድምፅ ነው።

እዚህ እኛ ጋ እንጀራ የሚሸጥባቸው ሱቆች በር ላይ የሐበሻ ማስታወቂያ ይለጠፋል። «ቤዝመንት፣ የራሱ መግቢያ ያለው፣ ለሜትሮ ቅርብ፣ መብራትና ውሃን ጨምሮ ይህን ያህል።» ከታች ስልክ ቁጥሩ ተቆራርጦ ይንጠለጠላል፤ ቀድደህ ትሄዳለህ። ሰዎቹ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሳለሙት። ይተዋወቃሉ። ግን ዋጋ ይጽፋሉ። ስለዚህ ጋሼ መምህር ያሉት «ስለምንተዋወቅ ነው» የሚለው ለኪራይ አይሠራም ባይ ነኝ።

አያ ደላላ፦
ሲልቨር፣ አልዋሽህም፣ የሚጭን አለ። እኔም ሻጩ «ይህን ያህል እጄ ይግባ፣ የቀረው ያንተ» ካለኝ እሠራበታለሁ። ሻጩ ነው ያለው። ኮሚሽን አልከፍልም ማለቱ ነው በሌላ አፍ።

ፍሪጅ ጠጋኝ፦
እኔ ስለ ቤት አላውቅም። የምጠግነው ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ነው። ማስታወቂያዬ ከመናኸሪያ እስከ አብማ ፖል ላይ አለ። አንዳንዱ «እዚህ መለጠፍ ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ላይ ነው የተለጠፈው፤ እሱን የለጠፍሁት እኔ አይደለሁም፣ የሰፈር ልጅ በየወረቀቱ እየተከፈለው ነው።

የእኔ ዓይነት ሥራ ላይ ዋጋ ጻፍ ማለት ይከብዳል። ጋዝ አልቆ ይሁን ኮምፕረሰር ተቃጥሎ ሳላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ግን አንድ ነገር ጻፍሁና ስልኬ በዛ። «ለማየት ብቻ» የምቀበለውን ጻፍሁ። ከተሠራ ከጠቅላላው ይቀነሳል። ሰው የሚፈራው ጠጋኝ ቤቱ ከገባ በኋላ የሚጠራውን ቁጥር ነው እንጂ ጥገናውን አይደለም።

የቴሌግራሙ ነገር ደግሞ፣ አትርሱ፣ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ስንቱ ቻናል ጠፋ? ለብዙ ወራት የሠራሁት በፖል ወረቀትና በሰው አፍ ነው። ያኔ ወረቀት የናቀ ነጋዴ ሁሉ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፎ ነበር። እና የመንቆረር ልጅ፣ ቻናሉ ላይ ያለውን በሳምንት አንዴ አትማችሁ አንድ ቦታ ብትለጥፉት ይሻላል። ስማርት ስልክ የሌላቸው ናቸው አብዛኞቹ ቤት አከራዮች።

የመንቆረር ልጅ፦
የማተሙን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። መዘጋጃ ቤት ፈቃድ እንጠይቃለን፤ ቦርዱ ላይ ካልሆነ ሱቅ ደጃፍ።

ግን ዋጋ ላይ አሁንም አልተስማማንም።

ዲላ ቡና፦
ከዲላ ነኝ፤ ማርቆስን አላውቃትም። ግን እኛም ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ነን። ጥቅምት አካባቢ ተማሪ ሲገባ ኪራይ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አይነገርም።

እኛ ጋ ግሩፑን የምትመራዋ ልጅ ቁርጥ ዋጋ ጻፉ አላለችም። «ከዚህ እስከዚህ» ጻፉ ነው ያለችው። ቤት ሻጭ ራሱ የሚያሳፍረው ቁጥር አይወጣበትም፤ ገዥም አቅሙ የማይደርስ ከሆነ ባጃጅ ከፍሎ አይመላለስም። ለኪራይ ግን ቁርጥ ዋጋ ግዴታ ነው። ውሃ ቆጣሪው የጋራ ይሁን የራሱ፣ መብራቱም፣ መጸዳጃ ቤቱም፣ አከራዩ እዚያው ግቢ ይኑር አይኑር ይጻፋል። ተከራይን የሚያጣላው በብዛት ቆጣሪ ነው፣ አይደለም እንዴ? የሁለት ሰው የጋራ ቆጣሪ ላይ አንዱ እንጀራ ጋግሮ ይሸጣል፣ ሌላው አምፖል ብቻ ያበራል፤ ቢል ግን እኩል።

መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ ቀነሰ። ከዚያ ፈላጊው እዚያ ግሩፕ ላይ መሰብሰብ ሲጀምር አከራዮች ተከትለው መጡ። ዋጋ የጻፈው ቤት ቶሎ ይያዛል፤ ያን ሲያዩ ሌሎቹም ጻፉ።

የመንቆረር ልጅ፦
ይህ ገባኝ። ሽያጭ «ከዚህ እስከዚህ»፣ ኪራይ በቁርጥ።

የችሎት ጸሐፊ፦
አንድ ነገር ላንሳ፤ ሁላችሁም ረስታችሁታል። በክልላችን ዋጋ ሁልጊዜ የሚጻፍበት ማስታወቂያ አለ። በኩር ጋዜጣን አውጡና የመጨረሻዎቹን ገጾች ተመልከቱ። የሐራጅ ማስታወቂያ።

«በአፈጻጸም ከሳሽ እገሌና በአፈጻጸም ተከሳሽ እገሌ መካከል ባለው የአፈጻጸም ክርክር» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ቤቱ የት ከተማ፣ የት ቀበሌ እንደሆነ፤ በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ማን እንደሚያዋስነው ይዘረዝራል። መነሻ ዋጋ። ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ያሸነፈ ሰው ካሸነፈበት ሩቡን ወዲያው እንደሚያስይዝ። ያሳፍራል የተባለው ሁሉ እዚያ አለ፣ የተበዳሪው ስም ሳይቀር። ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ አንዴ ካነበቡት ግን ቤቱ ጋ በጨለማ ይደርሳሉ።

አዋሳኝ የመጻፉን ነገር ቻናሉ ቢወርሰው ደስ ይለኛል። የጎረቤቱ ስም ባይጻፍ እንኳ «ከእንትን ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ከዋናው አስፋልት ሁለተኛው ቤት» ከተባለ ሐሰተኛ ማስታወቂያ መለጠፍ ይከብዳል። አጭበርባሪ ቦታ መናገር አይወድም።

ሌላም አለ እዚያው ገጽ ላይ። «ካርታዬ ስለጠፋብኝ ምትክ ይሰጠኝ ብለው አመልክተዋል፤ ተቃዋሚ ካለ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይቅረብ» የሚል ታገኛላችሁ። ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ካላነበበ ምን ያነባል? ጠፋ የተባለው ካርታ ባንክ መያዣ ሆኖ ቢገኝስ? ወንድም እጅ ቢገኝስ?

መምህሩ (ጡረታ)፦
የችሎት ጸሐፊ እውነት ብለሻል። ግን ሐራጅ የሚያወጣው ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤት አያፍርም። ባለቤቱ ቢጠየቅ እሱም «ዋጋ በውስጥ መስመር» ነበር የሚለው።

ስለ ኪራይ ግን ሐሳቤን አላጠነክርም። ልጆቹ በዝናብ ሲዞሩ አያለሁ። ይጻፍ።

ጎጃም በረንዳ፦
እኔ የማየው ችግር ዋጋ አይደለም፤ ፎቶ ነው። «ማርቆስ፣ ባለሁለት መኝታ፣ የሚከራይ» የሚል አየሁ። ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ። ፍሬ አዝሎ። 2400 ሜትር ከፍታ ላይ! ጠዋት ጠዋት ጋቢ ለብሰን ከቤት የምንወጣ ሰዎች ማንጎ ከየት አመጣን?

ፎቶው ከባሕር ዳር ወይ ከሌላ ሞቃት ከተማ የተሰረቀ ነው። ልጁ «ሰው በዝቶብኛል፣ ቅድሚያ በቴሌብር ላክና ልያዝልህ» አለኝ። ቁልፉን ሳላይ አልልክም ስለው ብሎክ አደረገኝ።

የመንቆረር ልጅ፦
😂 ማንጎ! ይህን ቻናሉ ላይ እለጥፈዋለሁ።

እንግዲህ ለቤት ማስታወቂያ ከመለጠፋችን በፊት አንዳችን ሄደን በሩን እናያለን። ጥቅሙ ማርቆስ ትንሽ መሆኗ ነው፤ በእግር ይደረሳል። አዲስ አበባ ቢሆን ማን ይሞክረዋል? በአካል ያየነው ማስታወቂያ ላይ «አይተነዋል» እንጽፍበታለን። ያላየነውንም እንለጥፋለን፣ ምልክቱ ብቻ አይኖረውም።

ሰኔ ሱቅ፦
የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ። ለአዲስ ዕቃ ዋጋ ግዴታ ካላችሁ እኔ አልገባም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ አስመጪው ጠዋት የሰጠኝ ዋጋ ከሰዓት አይደገምም ነበር። የጻፍሁትን ዋጋ ይዞ መጥቶ «ቻናሉ ላይ ይህን ያህል ይላል» የሚል ደንበኛ ጋ ስንት ልከራከር?

ላገለገለ ዕቃ እሺ። ያ የግለሰብ ነው፤ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ዋጋ።

ፍሪጅ ጠጋኝ፦
ሰኔ ሱቅ፣ ቀኑን አብረህ ጻፍ። «በዚህ ቀን ዋጋ» ካልህ ማን ይከስሃል? ቴሌግራም ራሱ ቀን ያሳያል።

ያገለገለ ካላችሁ ደግሞ «ስላይትሊ ዩዝድ» የምትል ቃል ትታገድልኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ የተባለ ፍሪጅ ሄጄ ስከፍተው ውስጡ ዝገት ነው የሸተተኝ። ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ተጠግኖ ከሆነ ምኑ እንደተነካ ይጻፍ።

ዜሮ ዓመት፦
የሥራውን ነገር ማንም መልሶ አላነሳውም 😑 ለቤትና ለፍሪጅ ሕግ ወጣ፤ ለእኛስ?

የመንቆረር ልጅ፦
እህቴ፣ አልረሳሁትም። የሥራ ማስታወቂያ ቢያንስ ዝቅተኛው ደመወዝ ካልተጻፈበት አንለጥፍም። «ከዚህ ይጀምራል፤ እንደ ልምዱ ይጨመራል» ይበሉ። የሥራ ሰዓቱም ይጻፍ። ቲፕ አለ ብለው ደመወዝ የሚያሳንሱ ካፌዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነሱም «ቲፕ አለ» ብለው ይጻፉት። ተያዥ ከተፈለገ ምን ዓይነት ተያዥ እንደሆነ በግልጽ።

ካፌ ባለቤት፦
ይህን ውይይት የምታነቡ ሠራተኞቼ እንዳሉ አውቃለሁ። ለአዲስ አስተናጋጅ የምጀምርበትን ብጽፈው የድሮዎቹ ዕለቱን ቢሮዬ ይገባሉ። ምክንያቱም አዲሱ መነሻ እነሱ ከጀመሩበት ይበልጣል፤ ኑሮ ጨምሯል። ስለዚህ ነው «በስምምነት» የምለው። ለእናንተ ለመደበቅ አይደለም።

ዜሮ ዓመት፦
ታዲያ የድሮዎቹንም ጨምሩላቸዋ!

ካፌ ባለቤት፦
ልጄ፣ አንቺን ነው መቅጠር ያለብኝ መሰለኝ። ነይ አነጋግሪኝ፤ በውስጥ መስመር ልጻፍልሽ።

(ሳቅሽ አይደል? ደመወዙን እዚያው እጽፈዋለሁ።)

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ጥያቄ አለኝ፣ ከማስታወቂያው ትንሽ ወጣ ይላል። እናቴ ያገኘችው ቤት ሻጩ ባለቤቱ አይደለም። «በውክልና ነው የምሸጠው» ይላል። ባለቤቱ ውጭ ሀገር ነው አሉ። ማስታወቂያው ላይ ይህ አልተጻፈም፤ ቤቱ ጋ ከደረሰች በኋላ ነው የሰማችው። ልትፈራ ይገባል?

የችሎት ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ ውክልና በራሱ ችግር አይደለም። እናንተ ዲያስፖራዎች የምትሸጡትም የምትገዙትም በእሱ ነው፤ ከኤምባሲ ተረጋግጦ ይመጣል። ግን ሦስት ነገር ይታይ።

ውክልናው «ለመሸጥ» በግልጽ ይላል ወይ? ማስተዳደር፣ ማከራየት፣ ጉዳይ መከታተል የሚል ብቻ ከሆነ መሸጥ አያስችልም። ሁለተኛ፣ ተሽሮ ይሆናል፤ ያረጋገጠው ክፍል ሄዳችሁ አሁንም ያለ መሆኑን ጠይቁ። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፦ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አለቀ። ባለቤቱ በሕይወት መኖሩን በቪዲዮ ስልክ እዩት። አፍራችሁ አትተዉት።

ባለትዳር ከሆነ የሚስቱ ወይም የባሏ ስምምነትም ያስፈልጋል። ውሉ ደግሞ ሰፈር ውስጥ በሦስት ሽማግሌ ፊት የተጻፈ ወረቀት ብቻ አይሁን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲሆን ነው የሚለው፤ ቁጥር 1723።

አያ ደላላ፦
እሷ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር። ገንዘቡ ከእናትህ እጅ ከመውጣቱ በፊት መዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ማኅደሩን እዩ። እግድ ካለበት፣ ባንክ ይዞት ከሆነ፣ ግብር ካልተከፈለ እዚያ ይታያል። ያገናኘው ደላላ «እሱን ተዉት፣ አጣርቻለሁ» ካለ ተዉት፤ ደላላውን።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አሁኑኑ እደውላለሁ፤ እዚያ ሊነጋ ነው።

የመንቆረር ልጅ፦
«የሚሸጠው ባለቤቱ ነው ወይስ ወኪል» የሚለውን ፎርሙ ላይ ጨምሬዋለሁ። ፎርሙን ነገ ማታ እዚህ እለጥፈዋለሁ፤ የጎደለ ካለ ንገሩኝ። ፍሪጅ ጠጋኝ፣ የወረቀቱን ጉዳይ ለመነጋገር ቅዳሜ ሱቅህ እመጣለሁ።

ፍሪጅ ጠጋኝ፦
ከሰዓት ና። ጠዋት ጠዋት ጎዛምን ወረዳ ገጠር ለሥራ እወጣለሁ።